ብድር ከመፈረም በፊት ማንን እንመን?

ባንክ ተበዳሪውን የሚያውቅበት መንገድ ብዙ ነው። በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የብሔራዊ ባንክን የብድር መረጃ ይጠይቃል፤ ሌላ ቦታ ዕዳ ያለበት፣ ያዘገየ ወይም ያልከፈለ መሆኑን ያያል። የሒሳብ እንቅስቃሴውን ያገላብጣል፣ መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ያስገምታል፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ የሚል ማስረጃ ያስመጣል። ተበዳሪው ግን ስለ አበዳሪው የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ነው፦ ወለዱ ስንት በመቶ እንደሆነና ገንዘቡ መቼ እንደሚለቀቅ። ስለ ብድር የሚወራው ወሬ መቼም ሞልቷል። ቢሮ ውስጥ ይወራል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ በሬዲዮ ይነገራል። ለመፈረም የሚያስደፍረው መረጃ የቱ እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው ችግሩ።

ይህ ዳሰሳ ተበዳሪው መረጃ የሚያገኝባቸውን ምንጮች በየተራ ይመዝናል። መመዘኛው አንድ ነው፦ የተነገረን ነገር ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? ተናጋሪው በቃሉ የማይጠየቅ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቅን ሰው ቢሆን፣ የነገረን ነገር መነሻ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

የቅርብ ሰው ምክር

የብድር ምክር መጀመሪያ የሚገኘው ከቅርብ ሰው ነው። የሥራ ባልደረባችን በብድር መኪና ሲገዛ እሱ የሄደበትን ባንክ፣ የሄደበትን ቅርንጫፍ፣ አንዳንዴም ያስተናገደውን ባለሙያ ስም ይዘን እንሄዳለን። ይህ ምክር የሚናቅ አይደለም። ባልደረባችን ኮሚሽን አይቆረጥለትም። ግምቱ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ውልና ማስረጃ ስንት ጊዜ እንደሚያመላልስ፣ በማስታወቂያ ያልተነገሩት ክፍያዎች የትኞቹ እንደሆኑ ከእሱ በተሻለ የሚነግረን የለም።

ድክመቱ መረጃው ቶሎ ማርጀቱ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ንግድ ባንኮች የብድር ክምችታቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገደብ ጣለ፤ ገደቡ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደረገ። ከገደቡ በፊት በጥቂት ሳምንታት የተስተናገደ ሰው የሚሰጠው ምክር፣ ከገደቡ በኋላ ሁሉን አሟልቶ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው አይሠራም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ አወጣ፤ የገንዘብ ፖሊሲውንም በወለድ ምጣኔ ላይ ወደ ተመሠረተ አሠራር ማዞር ጀመረ። ስለዚህ የቅርብ ሰውን የሂደቱን ውጣ ውረድ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ዋጋውን ግን ዛሬ ከአበዳሪው አፍ መስማት ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። ብድር ወስዶ የተሳካለት ያወራል፤ ያልተሳካለት ዝም ይላል። ቤቱ ለሐራጅ የቀረበበት ሰው ቡና እየጠጣ ታሪኩን አይዘረግፍም። ስለዚህ ከወዳጅ ዘመድ የምንሰማው፣ ማንም ባይዋሽ እንኳ፣ በጎ በጎው ያመዘነ ነው።

ደላላውና ማኅበራዊ ሚዲያው

በመብራት ምሰሶና በቴሌግራም ቻናል ላይ «ያለ ማስያዣ ብድር እናስጨርሳለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይለጠፋሉ። ከጀርባቸው ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ባንክ የሚፈልገውን ወረቀት ያውቃል፣ ያሟላል፣ ብድሩ ሲለቀቅ በመቶኛ ይቆርጣል። ለእሱ የሚጠቅመው ብድሩ መለቀቁ ብቻ ስለሆነ «ይህ ዕዳ ይከብድሃል» ብሎ የሚመክርበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛው አጭበርባሪ ነው፤ ለምዝገባ፣ ለፎርም፣ ለማስለቀቂያ እያለ አስቀድሞ ገንዘብ ያስልካል፣ ከዚያ ስልኩን ያጠፋል።

ሁለተኛውን ለመለየት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ብድሩ ሳይፈቀድ ወደ ግለሰብ ስልክ ወይም ሒሳብ ገንዘብ ላክ የሚል፣ ወይም የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ አበዳሪ ሊታመን አይገባም። ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሰጣቸውን ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን የሚመዘገቡት በኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቶች በኩል ስለሆነ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። ስማቸው ስለሌለ ብቻ ሐሰተኛ ናቸው ማለት አይደለም፤ ምዝገባቸውን ከሚመለከተው ቢሮ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል።

የቲክቶክና የዩቲዩብ መካሪዎች ከዚህ ብዙም አይርቁም። አንዳንዶቹ በቅጡ ያስረዳሉ፤ አንዳንዶቹ የሚያስተዋውቁት ድርጅት ይከፍላቸዋል። ተመልካቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቂያ የለውም፤ ቢሳሳቱም አንዳቸውም አይጠየቁም።

የባንኩ ባለሙያ

የባንክ ባለሙያ ከደላላ የተሻለ ምንጭ ነው፤ ሥራው ስለሆነ ያውቃል፣ ማን እንደሆነም ይታወቃል። ሆኖም የሚከፈለው በባንኩ ነው። ለተጠየቀው ይመልሳል፤ ያልተጠየቀውን እንዲዘረዝር የሚያስገድደው ነገር ጥቂት ነው። «ወለዱ ስንት ነው?» ለሚለው በመቶኛ ይነግራል። የአገልግሎት ክፍያው፣ የንብረት ግምቱ፣ የመድን አረቦኑ፣ የማስመዝገቢያው ወጪና የዘገየ ክፍያ ቅጣቱ ግን ያ በመቶኛ ውስጥ የሉም።

በመቶኛውም ቢሆን እንዴት እንደሚታሰብ ካልታወቀ ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ 100,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ፣ በአንድ ዓመት፣ በየወሩ እኩል እየተከፈለ ይመለስ እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ የወሩ ክፍያ ወደ 9,026 ብር ይሆናል፤ የዓመቱ ወለድ በጠቅላላ ወደ 8,310 ብር ነው። ወለዱ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በ100,000 ብሩ ላይ ከታሰበ፣ በየወሩ የሚከፈለው 9,583 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱ 15,000 ብር ይሆናል። ሁለቱም አበዳሪዎች «15 በመቶ» ብለዋል፤ አንዳቸውም አልዋሹም። ሁለተኛው በመጀመሪያው ስሌት ቢለካ ግን ወለዱ ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። ተበዳሪው በየወሩ ዕዳውን እየቀነሰ ሳለ ላልያዘው ገንዘብ ጭምር ወለድ እየከፈለ ነው።

ስለዚህ ባለሙያውን ከበመቶኛው ይልቅ የክፍያ ሠንጠረዡን መጠየቅ ይበጃል፦ በየወሩ ስንት፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለዋናው፣ ስንቱ ለወለዱ፣ ቀሪው ዕዳ ስንት። ማንኛውም ባንክ ይህን በደቂቃ ከኮምፒውተሩ አትሞ ሊሰጥ ይችላል። ማኅተም ካረፈበት ደግሞ ተናጋሪውን የሚያስጠይቅ ወረቀት ሆነ ማለት ነው።

በስልክ የሚመጣው ብድር

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድርና ሒሳብ ሲያጥር የሚሞላውን «እንደኪሴ»ን አቀረበ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ» በሚል ስም ማስያዣ የማይጠይቅ የዲጂታል ብድር ይሰጣል። ዋስ የሚሆንለት ሰው ያጣው ሻይ ቤት ከፋችና ሱቅ ነጋዴ በእጁ ስልክ ብድር ማግኘቱ ትልቅ ለውጥ ነው። የሚበደረው መጠን የሚወሰነውም ባለቤትነቱን በሚያረጋግጥ ካርታ ሳይሆን በግብይት ታሪኩ ነው።

መረጃን በተመለከተ ስልኩ በአንድ በኩል ከቅርንጫፉ ይሻላል። የሚወሰደውን፣ የሚቆረጠውንና የሚመለስበትን ቀን በቁጥር ያሳያል፤ ለሁሉም ደንበኛ የሚያሳየው አንድ ዓይነት ነው፤ ማስረጃውም በአጭር መልእክት ይቀራል። በሌላ በኩል ግን ሁለት ነገር ይሸፍናል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። 1,000 ብር ወስዶ በ30 ቀን 1,060 ብር የሚመልስ ሰው «60 ብር ምን አላት» ይላል። ያንኑ ብድር ዓመቱን ሙሉ በየወሩ እየመለሰ ቢወስድ 720 ብር ከፍሏል፤ በዓመት ሲታሰብ 72 በመቶ ማለት ነው። ክፍያው የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ አስቀድሞ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ እጁ የሚገባው ከ1,000 ብር በታች ስለሚሆን ዋጋው ከዚህም ይበልጣል። ለአንድ ድንገተኛ ችግር ይህ ዋጋ ሊያዋጣ ይችላል፤ ለሱቅ ማስቀጠያ በየወሩ ሲደጋገም ግን ትርፉን ይበላዋል።

ሁለተኛው በፍጥነቱ የተነሣ የሚታለፈው ውል ነው። ውልና ደንቡ አለ፤ ከ«እስማማለሁ» በላይ ባለች ትንሽ መስመር ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል። ማንም አያነበውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ችግሩ የሚታወቀው መክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

ከስልክ ብድር ውጭም፣ ሃይማኖታቸው ወለድን ለማይፈቅድላቸው ሰዎች ጥያቄው ያው የዋጋ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆነው ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው ይሸጣል። ወለድ የለም፤ ትርፍ ግን አለ፤ ስለዚህ የግዥ ዋጋው ስንት፣ የመሸጫው ስንት ብሎ መጠየቅ እዚህም ይሠራል።

ውሉና ዋሱ

ከተነገረው ሁሉ የሚበልጠው ምንጭ ውሉ ነው። ብዙ ሰው ግን ውሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሊፈርም በተቀመጠበት ሰዓት ነው። አስቀድሞ ረቂቁን ጠይቆ ቤት ወስዶ ማንበብ ይገባል፤ «አይቻልም» የሚል አበዳሪ ራሱ በዚያው ብዙ ተናግሯል።

ሦስት አንቀጾች ተፈልገው ሊነበቡ ይገባል። የመጀመሪያው ባንኩ የወለድ መጠኑን በማንኛውም ጊዜ ሊለውጥ እንደሚችል የሚናገረው ነው። ይህ ካለ ባለሙያው የነገረን በመቶኛ የዛሬ እንጂ የአሥር ዓመቱ ዋጋ አይደለም። ሁለተኛው ዕዳውን ቀድሞ ለሚከፍልና ዘግይቶ ለሚከፍል የተጻፈው ነው። ሦስተኛው የዋስትናው ነው። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳያሳድድ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ላይ ዋስ የሚሆን ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ የዋስትና ውል በጽሑፍ ካልተደረገና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸበት አይጸናም ይላል። «ፊርማ ብቻ ነው» ተብሎ የሚለመን ሰው መጀመሪያ ዓይኑን መጣል ያለበት ያ ቁጥር ላይ ነው።

የሐራጅ ገጽ

ሳይታሰብ የሚታለፍ፣ ግን እጅግ የሚታመን አንድ ምንጭ አለ፤ የጋዜጣ ሐራጅ ማስታወቂያ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው ካልተከፈለው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በመያዣ የያዘውን ንብረት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሽያጩም በጋዜጣ ይታወጃል። ሪፖርተርን ወይም አዲስ ዘመንን የሚገልጥ ሰው ሠንጠረዡን ያውቀዋል፦ የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ከሥሩ ተጫራቾች የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) እንዲያስይዙ ይነገራል።

ብዙ ሰው ይህን ገጽ የሚያየው ቤት ለመግዛት ነው። ለመበደር የሚያስብ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት አምዶች ጎን ለጎን ቢያነብ ብዙ ይማራል። በአንዳንዱ ረድፍ ተበዳሪውና አስያዡ አንድ ናቸው። በሌላው ረድፍ ተበዳሪው አንድ የንግድ ድርጅት ወይም ግለሰብ ነው፤ ቤቱ ግን የሌላ ሰው ነው፤ የአባት ስሙ ሲታይ ወንድም ወይም ልጅ ሊሆን ይችላል። አንዱ ነገደ፣ የሌላው ቤት ተሸጠ። ስለ ዋስትናና ስለ መያዣ የትኛውም ምክር ይህን ያህል አይናገርም። የሚታመነውም ጋዜጣው ስላለው አይደለም፤ ባንኩ ሕግ ግድ ስለሚለው ያወጣው ስለሆነ፣ ቢሳሳትበትም በፍርድ ቤት ስለሚጠየቅበት ነው።

አንድ ወገንን ብቻ የሚያስር ወረቀት

እስካሁን ያልነው «የተጻፈ ይበልጣል» ወደሚል መደምደሚያ የሚያመራ ይመስላል። አራጣ ይህን ያፈርሰዋል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግለሰቦች በብድር ውል የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 712 የተቸገረን ሰው ጭንቀት መጠቀሚያ አድርጎ በአራጣ ማበደርን ወንጀል አድርጎታል። ሕጉ ግልጽ ነው። አራጣ አበዳሪው ግን ወለዱን ወረቀት ላይ አያሰፍርም። 200,000 ብር ሰጥቶ 300,000 ብር አበደርሁ የሚል ውል ያስፈርማል፤ ወይም የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይቀበላል። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በአንቀጽ 693 ወንጀል ስለሆነ፣ ዕዳው ሲደርስ ተከሳሹ አራጣ አበዳሪው መሆኑ ቀርቶ ተበዳሪው ይሆናል። ወረቀቱ በሁሉም ረገድ ንጹሕ ነው፤ ያልተጻፈው ነው የጎዳው።

ስለዚህ መመዘኛችን መስተካከል አለበት። ጽሑፍ መኖሩ አይበቃም፤ ጽሑፉ ማንን ያስራል? ያበዳሪውን ግዴታ፣ የሰጠውን ትክክለኛ ገንዘብና ወለዱን የማይናገር ወረቀት ለተበዳሪው መረጃ አይሆነውም፤ ለሌላው ወገን የተዘጋጀ ማስረጃ ነው። ዕዳ የሚከፍል ሰውም ያለ ደረሰኝ ወይም ያለ ባንክ ዝውውር እጅ በእጅ መክፈል የለበትም፤ በኋላ መክፈሉን የሚያስረዳበት ነገር አይኖረውምና።

ማኅበሩ

ከዚህ ጫፍ በተቃራኒ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። አባል መጀመሪያ ይቆጥባል፤ የሚበደረውም በቆጠበው ልክ እየታሰበ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በስፋት የሚታወቀው አዋጭ አንዱ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱም ትናንሾቹ ሞልተዋል። በመረጃ ረገድ ያላቸው ብልጫ ተበዳሪው ባለቤትም መሆኑ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ አለው፤ የኦዲት ሪፖርት ይቀርብለታል፤ ወለዱ ለምን ከፍ እንዳለ ቆሞ ሊጠይቅ ይችላል። ብልጫው የሚሠራው ግን ጉባኤው ሲጠራና አባል ሲገኝ ነው። ለሦስት ዓመት ጉባኤ ያልጠራ ማኅበር እንደ ማንኛውም አበዳሪ መታየት አለበት።

ምን ይጎድላል?

ሕጉ ባዶ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ፣ ተቋማት ዋጋንና ግዴታን ለደንበኛ በግልጽ እንዲያሳውቁና ቅሬታ ተቀብለው መልስ እንዲሰጡ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ስለ ብድር፣ ስለ ዋስትናና ስለ መያዣ የሰጣቸው አስገዳጅ ውሳኔዎችም በቅጽ በቅጽ ታትመው ይገኛሉ። የሚታመን መረጃ አለ ማለት ነው፤ ያለው ግን ጠበቃና የባንክ ሠራተኛ በሚያነብበት ቋንቋ ነው።

የጎደለው ማወዳደሪያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ሕግ አበዳሪ ክፍያዎቹን ከወለዱ ጋር ደምሮ በአንድ ዓመታዊ በመቶኛ እንዲናገር ያስገድደዋል፤ በዋሽንግተን ወይም በዳላስ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ያንን ቁጥር በየወረቀቱ አይቶታል። በጎረቤት ኬንያም የባንኮች ማኅበር ከማዕከላዊ ባንኩ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 የብድርን ጠቅላላ ወጪ የሚያሰላ ድረ ገጽ ከፍቷል። በእኛ አገር ተበዳሪው የሚያወዳድረው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየዞረ፣ በቃል የተነገረውን በወረቀት ጥግ እየጻፈ ነው። ብሔራዊ ባንክ የእያንዳንዱን ባንክ የወለድ ስሌት፣ የአገልግሎት ክፍያና ቅጣት በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች በየሦስት ወሩ ቢያወጣ ወጪው ትንሽ ነው፤ መረጃውም ቢሆን አስቀድሞ በእጁ አለ።

ያ እስኪሆን ተበዳሪው ሦስት ጥያቄ ይዞ ይግባ፦ እጄ የሚገባው ስንት ነው? እስከ መጨረሻው በጠቅላላ የምመልሰው ስንት ነው? ባልከፍል የሚሄደው የማን ንብረት ነው? መልሱን በቃል ሳይሆን በቁጥር፣ ስምና ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ይጠይቅ። የሚሰጥ አበዳሪ ብድሩ ውድ ቢሆን እንኳ ሊታሰብበት የሚችል ነው። «አታስብ፣ እኛ እንጨርሳለን» የሚል ግን፣ ባንክም ይሁን ወዳጅ፣ ብድሩን ከሌላ ቦታ መፈለግ እንደሚሻል ራሱ ነግሮናል።